የኦንላይን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ከየት ተነሳ፣ በምንስ አደገ?

ጤና ይስጥልኝ። ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ ላስታውስ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የኦንላይን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲነሳ ብዙ ሰው ወሬውን ከኮሮና ይጀምራል። ትንሽ ወደኋላ የሚሄድ ደግሞ 2012ን ይጠራል። የዩኒቨርሲቲ ኮርሶችን በኢንተርኔት የሚያቀርቡት ኮርሴራና ኢድኤክስ ብቅ ያሉበት ዓመት ነውና። ታሪኩ ግን ከዚያም በ30 ዓመት ይቀድማል። የመጀመሪያው በ1982 ሥራ ሲጀምር ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ቪዲዮ መላክም የማይታሰብ ነበር።

የእኔን አቋም ከመነሻው እወቁልኝ። ይህ ዘርፍ ያደገው በቪዲዮ ጥራት አይመስለኝም። ተማሪው ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ መላ ባገኘ ቁጥር አድጓል። መላው ሲጠፋበት ደግሞ ገንዘብም ሆነ ስም አላዳነውም። ዛሬ የማወራው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን ለምን ቢዝነስ? ሕክምና ወይም ኬሚስትሪ ለምን አልቀደመም? ምክንያቱ ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። ቢዝነስ ላቦራቶሪ አይፈልግም። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ያለው አዋቂ ሰው ነው። ቤተሰብ አለው፣ አለቃ አለው፣ ሥራውን ጥሎ ሁለት ዓመት መቀመጥ አይችልም። አንዳንዴ ክፍያውን የሚሸፍንለት መሥሪያ ቤቱ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማታ የተማረውን ጠዋት ቢሮ ገብቶ ሊሞክረው ይችላል። እንዲህ ያለ ተማሪ በርቀት ትምህርት ተጠቃሚ መሆኑ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀበለ። በ1983 የማኔጅመንት ትምህርት ቤቱን ከፈተ። በ1989 ደግሞ ኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ ጀመረ። ትምህርቱ በፖስታ ይላክ ነበር፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ያግዙት ነበር። ፖስታ ግን ችግር አለበት። ተማሪው ጥያቄ ከጻፈ በኋላ መልሱ እስኪመጣ ጥያቄውን ራሱን ይረሳዋል።

አሁን ወደ 1982 እንሂድ። ቦታው ካሊፎርኒያ ነው፣ ላ ሆያ የምትባል የባሕር ዳር ሰፈር። ዌስተርን ቢሄቪየራል ሳይንስ ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም ነበር። ይህ ተቋም የማኔጅመንትና ስትራቴጂ ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹ ጀማሪዎች አልነበሩም። የኩባንያ አለቆችና የመንግሥት ኃላፊዎች ነበሩ። በየስድስት ወሩ ላ ሆያ ላይ ለጥቂት ቀናት በአካል ይገናኛሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ሥራው ይመለሳል። የቀረው ትምህርት በኮምፒውተር፣ በጽሑፍ ብቻ ይቀጥላል። የሚገናኙበት ሥርዓት ኒው ጀርሲ ባለው የቴክኖሎጂ ተቋም በተመራማሪው መሬይ ቱሮፍ የተገነባ የኮምፒውተር ጉባኤ ነበር።

የዚያን ጊዜውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ትልቅ ሥራ አስኪያጅ ማታ ቤቱ ገብቷል። ስልኩን ከሞደም ጋር ያገናኛል። በጊዜው የተለመደው ሞደም በሴኮንድ 300 ቢት ነበር የሚያስተላልፈው። ይህ በሴኮንድ 30 ፊደል ገደማ ነው። አንድ ገጽ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ እስኪመጣ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲወጡ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህ ሰው በቢሮው ጸሐፊ ያለችው፣ በራሱ እጅ ታይፕ አድርጎ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን ብዙ አለቆች እንዲያ ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚጠብቀው ምንድን ነው? መጀመሪያ ላይ የሚያሳዝን ነገር ነበር የሚጠብቀው። ይህን ታሪክ በዝርዝር የጻፉት እዚያው ይሠሩ የነበሩት ፈላስፋው አንድሩ ፊንበርግ ናቸው። መምህራኑ በኮምፒውተር ማስተማርን የሚያውቅ አልነበረም። ማንስ ከየት ይማረው? ከዚያ በፊት የሞከረ እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የለመዱትን አመጡ። ረጅም ማብራሪያ ይጽፋሉ። ብዙ ንባብ ይሰጣሉ። ከዚያ የጥያቄ ዝርዝር ያስቀምጡና መልስ ይጠብቃሉ። መልስ የለም። ክፍል ውስጥ ተማሪ ዝም ሲል መምህሩ ፊቱን ያያል። ገብቶት ይሁን አሰልችቶት ከዓይኑ ይረዳል። ስክሪን ላይ ግን ዝምታ ዝምታ ብቻ ነው። ተማሪው ያንብበው አያንብበው፣ ይስማማ አይስማማ፣ ይኑር አይኑር አይታወቅም።

መፍትሔው የመጣው ከቴክኖሎጂ ሳይሆን ከሰው ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። መምህሩ ንግግር ማድረጉን ተወና ውይይት መምራት ጀመረ። አጭር ነገር ይጽፋል። ሰዎቹ ከገዛ ሥራቸው ተነስተው የሚመልሱት ጥያቄ ያቀርባል። የመለሰውን በስም ይጠራዋል፣ የጻፈውንም ከሌላው ሐሳብ ጋር ያገናኘዋል። ውይይቱ ሲበታተን ቆም ብሎ አንድ ጽሑፍ ይጽፋል፤ እስካሁን ማን ምን አለ፣ የት ላይ ተስማማን፣ የት ላይ ተለያየን፣ አሁን ወዴት እንሂድ? ተሳታፊው ይህን ሲያነብ የጻፈው ነገር እንደተነበበለት ያውቃል። ነገ ተመልሶ ይገባል።

በፈጣን ኢንተርኔት ዘመንም የዘርፉ ዋና ጥያቄ ያው ነው። ተማሪው የጻፈውን ማን ያነብለታል?

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። በ1989 ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፊኒክስ በኦንላይን ማስተማር ጀመረ። በ1999 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ኬሊ ትምህርት ቤት የኦንላይን ኤምቢኤውን ከፈተ። ስመ ጥር ከሆኑት ትምህርት ቤቶች ቀድመው ከገቡት አንዱ ነው። በ2011 ደግሞ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቱ ዩ ከሚባል ኩባንያ ጋር ሆኖ በትናንሽ ክፍሎች፣ ፊት ለፊት በቪዲዮ እየተያዩ የሚማሩበትን ኤምቢኤ ጀመረ።

ፊኒክስ ላይ ግን ትንሽ ልቁም፣ እድገትና ጤና አንድ እንዳልሆኑ የሚያሳይ ነውና። ተቋሙን በ1976 የመሠረቱት ጆን ስፐርሊንግ ነበሩ። ሐሳባቸው መልካም ነበር። ሠራተኛ አዋቂዎችን በማታና በትናንሽ ቡድን ማስተማር። ኦንላይኑ ሲጨመርበት ቁጥሩ ተተኮሰ። በ2010 አካባቢ ተማሪዎቹ ከ450,000 በላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ ቁልቁል ወረደ። በ2019 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ191 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ክሱን ዘጋ። ክሱ በማስታወቂያዎቹ ላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከታላላቅ ኩባንያዎች ጋር አብሮ እየሠራ ለተማሪዎቹ የሥራ ዕድል እንደሚያመቻች የሚያስመስሉ ናቸው የሚል። ከገንዘቡ 141 ሚሊዮኑ የተማሪዎችን ዕዳ ለመሰረዝ የዋለ ነው። ዕዳ የተሰረዘላቸው ሰዎች ሕይወታቸውን ለማሻሻል ብለው የተመዘገቡ ሠራተኞችና ወላጆች ናቸው። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ትምህርት ቤት የምዝገባውን ቁጥር ብቻ ማሳደድ ሲጀምር ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው ነው።

ቀጥሎ የነጻው ትምህርት ማዕበል መጣ። በ2013 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ ዋርተን፣ የመጀመሪያ ዓመት የኤምቢኤ ኮርሶቹን ኮርሴራ ላይ በነጻ ለቀቀ። ዓለም ተደሰተ። መደሰቱም ልክ ነበር። ከዋርተን በር የማይደርስ ሰው የዋርተንን መምህር ሲያዳምጥ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ስንቱ ጨረሰ? በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሃርቫርድንና የኤምአይቲን ነጻ ኮርሶች መርምሮ ነበር። በ2017 እና 2018 የትምህርት ዘመን ከተመዘገበው ሰው ኮርሱን የጨረሰው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ሰው ለመጨረስ ብሎ አይመዘገብም። አንዳንዱ አንድ ትምህርት ብቻ አይቶ ይበቃዋል። እሱን ሁሉ ብንቀንስም ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። መምህሩ ምርጥ ነው፣ ቪዲዮው ጥርት ያለ ነው፣ ዋጋው ዜሮ ነው። ተማሪው ቢጠፋ ግን «የት ሄድክ?» የሚለው የለም። የ1982ቱ ዝምታ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ በሚሊዮን ተባዝቶ።

አሁን ወደ ሃርቫርድ ልግባ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ባወራ አትፍረዱብኝ፤ ጉዳዩ ይገባዋል።

ሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በ1908 ነው። መለያው ኬዝ ነው። በአንድ ክፍል 90 ያህል ተማሪ በግማሽ ክብ ይቀመጣል። መምህሩ ንግግር አያደርግም። የአንድ ድርጅት እውነተኛ ታሪክ ይዞ ይገባና አንዱን ተማሪ ሳያስጠነቅቅ ይጠራል። «አንቺ ብትሆኚ ምን ትወስኛለሽ?» ከማርኩ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው በክፍል ውስጥ የሚደረግ ተሳትፎ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ወደ ኦንላይን ለመግባት ቢያመነታ አይገርምም። የዚያን ጊዜው ዲን ኒቲን ኖህሪያም ቀደም ሲል ሐሳቡን የሚቀበሉት ሰው አልነበሩም።

ክርክሩ ትምህርት ቤቱን ለሁለት ከፈለው። በአንድ በኩል ክሌይተን ክሪስተንሰን ነበሩ። ርካሽና ቀላል የሆነ አዲስ ነገር ከታች ተነስቶ ነባሩን ይጥለዋል የሚለው ሐሳባቸው በዓለም ይታወቃል። ሌላው ሳይቀድመን እኛው ራሳችንን እንቅደም ባይ ነበሩ። በሌላ በኩል የስትራቴጂ ሊቁ ማይክል ፖርተር ነበሩ። ኦንላይኑ ይግባ፣ ግን ያለንን ያግዝ እንጂ አያፍርሰው አሉ። ሁለቱም በዚያው ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ለሌሎች ኩባንያዎች ሲመክሩ የኖሩት ጉዳይ አሁን በራሳቸው ቤት ላይ ወደቀ።

በመጨረሻ ያደላው ወደ ፖርተር ነው። በ2014 ኤችቢኤክስ በሚል ስም ተከፈተ። ነጻ አላደረጉትም። ዲግሪም አይሰጥም፣ ከኤምቢኤው ጋር እንዳይሻማ። መጀመሪያ የወጣው ኮር የተባለ ጥቅል ነው። ሦስት ትምህርት አለው፤ የቢዝነስ ዳታ ትንተና፣ ኢኮኖሚክስ ለሥራ አስኪያጆች፣ የሂሳብ አያያዝ። ዋጋው 1,500 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ዙር ወደ 600 ሰው ነው፤ አብዛኞቹም የማሳቹሴትስ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ሌሎቹ በመቶ ሺህ ሲመዘግቡ ሃርቫርድ በ600 ጀመረ። ይህን ውሳኔ በጣም አደንቀዋለሁ።

ከሁሉ የሚገርመው አሠራሩ ነው። ግንባታውን የመሩት ፕሮፌሰር ባራት አናንድ ናቸው። መነሻቸው ካሜራ አልነበረም። ኬዝ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነገር ምንድን ነው፣ እሱን ስክሪን ላይ እንዴት እናምጣው ብለው ጀመሩ። ደንብ አወጡ። ተማሪው በየሦስትና አምስት ደቂቃው አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ይመርጣል፣ ይገምታል፣ ይጽፋል፣ ያሰላል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማዳመጥ የለም።

የሂሳብ አያያዙን ትምህርት እንውሰድ። የሚያስተምሩት ቪ ጂ ናራያናን ናቸው። ሃርቫርድ አደባባይ ላይ ካርዱሎስ የሚባል የምግብ ሸቀጥ መደብር አለ፤ ትምህርቱ የሚነሳው ከዚያ ነው። ተማሪው የመደብሩን ሰው በአጭር ቪዲዮ ይሰማል። መደርደሪያውን ያያል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ዕቃ በዱቤ ሲገዛ መዝገቡ ላይ የሚጨምረው የቱ ነው? ዴቢቱ የት፣ ክሬዲቱ የት? ተማሪው ራሱ መዝግቦ ይሞክራል። ቢሳሳትም ምክንያቱን እዚያው ያያል። ሂሳብ አያያዝ የፈራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዴቢትና ክሬዲት በትርጉም ብቻ ሲነገር ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። ሱቅ ሲኖረው፣ ባለሱቅ ሲኖረው፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ሲኖረው ግን ይገባል።

ሳይታሰብ መጠራትም አልቀረም። ተማሪው እየሠራ እያለ ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ድንገት ይወጣል። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ጽፎ መመለስ አለበት። መልሱንም ሌሎች ያዩታል። ያልገባው ነገር ሲኖርም ፕሮፌሰሩን አይጠይቅም። ሌሎች ተማሪዎችን ይጠይቃል፣ እነሱም ያስረዱታል። ለሌላ ሰው ያስረዳ ደግሞ ለራሱ ይበልጥ ይገባዋል። የዓለም ካርታ ላይ አሁን በዚህ ሰዓት እየተማሩ ያሉት ጓደኞቹ ያሉበት ቦታ ምልክት ያሳያል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሌሊት ብቻውን ለሚያጠና ሰው ግን ትልቅ ነው።

ውጤቱ? ተቋሙ ራሱ ባወጣው መረጃ ኮርን ከጀመሩት ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት ይጨርሳሉ። ከፍሎ የገባና በነጻ የገባ ሰው እኩል አይወዳደሩም፣ አውቃለሁ። የከፈለ ሰው ለመጨረስ የራሱ ምክንያት አለው። ልዩነቱን በሙሉ ግን ክፍያው አያመጣውም። በ2015 ደግሞ ቦስተን ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ከፈቱ። መምህሩ መሐል ላይ ይቆማል። ፊት ለፊቱ በቅስት የተደረደሩ ስክሪኖች አሉ። እስከ 60 ተማሪ ከየአገሩ ፊቱ ይታያል። መምህሩ እጅ ያወጣውን ያያል፣ የተኮሳተረውንም ያያል። በ2019 የኤችቢኤክስ ስም ቀርቶ ሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ኦንላይን ተባለ። ትምህርት ቤቱ የራሱን ስም ሰጠው ማለት ነው።

ሃርቫርድ ዲግሪ አልሰጥም ሲል ሌሎች ሰጡ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ2016 ከኮርሴራ ጋር ሆኖ ሙሉ ኤምቢኤ በ22,000 ዶላር ገደማ ጀመረ። የአሜሪካን የኤምቢኤ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጆሮ የሚያቆም ዜና ነበር። በ2019 ዩኒቨርሲቲው የበለጠ ደፈረ። በአካል የሚሰጠውን የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ እንደሚያቆም አስታወቀ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲም በ2020 በኢድኤክስ በኩል በ24,000 ዶላር ተከተለ። የኢሊኖይን አሠራር ልብ በሉልኝ። የተቀረጹት ትምህርቶች ኮርሴራ ላይ ለማንም ክፍት ናቸው። ታዲያ ዲግሪ ፈላጊው ምኑን ነው የሚገዛው? በየሳምንቱ ከመምህሩ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበትን ክፍል፣ የቡድን ሥራውን፣ ታርሞ የሚመለስለትን ወረቀት፣ ዲግሪውንም። ቪዲዮው በር መክፈቻ ሆነ እንጂ ትምህርት ቤቱ እሱ አይደለም።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማየትም ይጠቅማል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ኦንላይን ሲገቡ እንደ ቱ ዩ ያሉ ኩባንያዎች ያግዟቸዋል። ተማሪ ይፈልጉላቸዋል፣ ፕላትፎርሙን ይሠሩላቸዋል። በምላሹ ከተማሪው ክፍያ ብዙ ጊዜ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ከዚህም ትልቁ ወጪ ማስታወቂያ ነው። ቱ ዩ በ2021 ኢድኤክስን በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2024 ሐምሌ ላይ ግን ዕዳ ስለከበደው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከተማሪው ክፍያ ይህን ያህሉ ተማሪ ለመፈለግ ከዋለ ለማስተማር ምን ያህል ተረፈ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሌላው ጫፍ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል አለ። በ2009 ሻይ ሬሼፍ መሠረቱት። ለትምህርቱ ክፍያ የለም፣ ለምዘና ግን ይከፈላል። በ2014 በአሜሪካ እውቅና አገኘ። በ2016 ኤምቢኤ ጀመረ። ዛሬ ተማሪዎቹ ከ100,000 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ መምህራን የበጎ ፈቃድ አገልጋዮች ናቸው። ደስ የሚለኝ ነገር ደግሞ ትምህርቱ በአብዛኛው ጽሑፍ መሆኑ ነው። ፈጣን ኢንተርኔት የግድ አይልም። ተማሪው በየሳምንቱ ያነባል፣ በውይይቱ ላይ ይጽፋል፣ የሌሎችን ሥራ ያርማል፣ የእሱም ይታረማል። ዘዴው ላ ሆያ ላይ በ1982 ከተጀመረው ብዙም አይርቅም። ያን ጊዜ ለአለቆች የተከፈተው በር አሁን ለስደተኛም፣ ለሠራተኛም፣ ደካማ ኢንተርኔት ላለው ሰውም ተከፍቷል። እኔ እድገት የምለው ይህን ነው።

ይህን ዘዴ የሚተቹ ሰዎችን ነቀፋም አልንቅም። ተማሪ ተማሪን ሲያርም አንዳንዱ ለማለፍ ያህል ብቻ ነካ አድርጎ ይተዋል። አንዱ ይጨክናል፣ ሌላው ሁሉንም ያሞግሳል። መምህሩ በመሐል ገብቶ ካላስተካከለው ማርኩ ትርጉም ያጣል። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፉን ይጽፍልሃል፣ እርማቱንም ይሠራልሃል። ተማሪው በማሽን ጽፎ፣ ጓደኛው በማሽን ካረመው፣ ማንም ማንንም አላነበበም። በጽሑፍ ላይ ለቆመ ትምህርት ቤት ይህ ከባድ ፈተና ነው። መፍትሔው በከፊል ወደ ቃል ፈተናና በቀጥታ ወደሚደረግ ውይይት መመለስ ይመስለኛል። ወጪው ይጨምራል። አንድ ሰው ሌላውን ሰው ለመስማት የሚወስደው ጊዜ አያጥርም።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት ወጣት ጥሩ ጥያቄ አነሳች። ከመመዝገቧ በፊት ምን ብላ መጠየቅ እንዳለባት ማወቅ ፈለገች። የመለስኩላትን እዚህም ላስፍር። እውቅናውን ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ አትመኚ። እውቅና የሰጠውን አካል ፈልጊና የእሱ ዝርዝር ላይ ስሙ መኖሩን እይ። ልትሠሪበት በምታስቢው አገር ዲግሪው ተቀባይነት እንዳለውም ለብቻው አጣሪ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከዚያ ስልክ ደውይላቸው። የምጽፈውን የሚያነበው ማን ነው? በስንት ቀን ይመልስልኛል? በአንድ ክፍል ስንት ሰው ነው ያለው? ከጀመሩት ስንቱ ይጨርሳል? በሦስተኛው ሳምንት ባቋርጥ ገንዘቤ ይመለሳል ወይ? የሚያናግርሽ ሰው እነዚህን ትቶ ስለ ቅናሹና ስለ ምዝገባው ቀነ ገደብ ብቻ ካወራልሽ አትቸኩይ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ደውዪ።